ጋሽ ያዕቆብና ያልተነፋው ጡሩምባ

ጋሽ ያዕቆብ መሞታቸውን የሰማሁት ቡሬ መናኸሪያ ውስጥ፣ የአውቶቡስ ረዳት ለሹፌሩ ሲያወራ ነው። «ያ ወፍጮ የሚወቅረው ፈረንጅ አረፈ አሉ፤ ትናንት ቀበሩት» አለ። ሹፌሩ «የትኛው ፈረንጅ?» ሲለው «ቅንድቡ ላይ ዱቄት የማይጠፋው» አለው። እኔ ወደ ፍኖተ ሰላም ልመለስ ትኬት ቆርጬ ነበር። አልተሳፈርሁም። የእናታቸው ዘመዶች ቤት ሄጄ ለቅሶ ተቀመጥሁና በማግስቱ ተመለስሁ።

ፈረንጅ አልነበሩም። እናታቸው የቡሬ ሴት፣ አባታቸው ደግሞ ከእስክንድርያ የመጡ አርመን ነበሩ። ስማቸው ሃጎፕ ነው። «በእናንተ ያዕቆብ ማለት ነው» ብለው ራሳቸው ስለተረጎሙልን ሁላችንም ጋሽ ያዕቆብ አልናቸው። ቅዳሴ ከእኛ ጋር ያስቀድሳሉ፤ ቄሶቹም «አርመንና እኛ በሃይማኖት አንድ ነን» ይሉ ነበር። ፍኖተ ሰላም ላይ ወፍጮ ቤት ነበራቸው። ፈቃዳቸው አይታደስም ተብሎ ወፍጮ ቤቱ ከታሸገ በኋላ ነው ቡሬ ገብተው በየሰው ወፍጮ ቤት እየዞሩ ድንጋይ መውቀር የጀመሩት። ለምን እንደታሸገ የነገራቸው ባለሥልጣን የለም። እኔ ያየሁትን እጽፋለሁ።

እንደ ጋሽ ያዕቆብ የሚፈራ ሰው አላውቅም። መኪና ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት ፍጥነት ሲቀንስ ንግግራቸውን ያቋርጣሉ፤ መኪናው ሲያልፍ ካቋረጡበት ቃል ይቀጥላሉ። ከበሩ ጀርባ ጋቢ፣ ነጠላ ጫማና ሳሙና የያዘች ትንሽ ቦርሳ ተሰቅላ ነበር። ድንገት ቢይዟቸው ብለው በደርግ ጊዜ ያዘጋጇት ናት። መንግሥት ሲለወጥ አላወረዷትም። አንድ ቀን ለምን እንዳላወረዷት ጠየቅኋቸው።

«ሳሙናውን ቀይሬዋለሁ እኮ» አሉኝ።

ፈሪ ነዎት ሲሏቸው አይቆጡም። «አዎ፣ ፈሪ ነኝ። ሕግ የሚያስፈልገው ለእንደኔ ያለው ነው፤ ጀግናማ ጠመንጃውን ይዞ ጫካ ይገባል» ይላሉ። ደግሞም «ጥሩ ሕግ የሚያወጣ፣ ነገ እኔም እከሰስበት ይሆናል ብሎ የሚሰጋ ሰው ነው» ይሉ ነበር። ይህን ሲናገሩ እንኳ በሩን ያያሉ።

ታሪክ የሚያወሩት ሞተሩ ሲቆም ብቻ ነው። የወፍጮው ድንጋይ ሲዶለዱም ያነሡትና በመዶሻና በመሮ ይወቅሩታል። እህል ያመጣው ሰው ጆንያው ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ያኔ የአርመኖችን ነገር ይጀምራሉ። እኔ ትምህርት ከስምንተኛ ክፍል አቁሜ ሬዲዮ እጠግን ነበር፤ የቀረውን በራሴ ነው ያነበብሁት። ስለ አርመኖች የሚያወራ መጽሐፍ ግን በከተማችን አላገኘሁም። የማውቀው ሁሉ ከመዶሻው ድምፅ ጋር ተቀላቅሎ የሰማሁት ነው።

«ቫን የሚባል ሐይቅ አለ» ይላሉ። «እንደ ጣና ደሴት አለው፤ ደሴቱ ላይ ቤተ ክርስቲያን አለ። ከሐይቁ ዳር ያለችው ከተማ ውስጥ አንድ አስተማሪ ትምህርት ቤት ከፈተ። አርመኖቹ ያን ጊዜ በቱርክ ሱልጣን ሥር ናቸው። አስተማሪው ለልጆቹ፣ ግብር የሚከፍል ሰው ምን መጠየቅ እንደሚችል ነገራቸው። ይኸው ነው ጥፋቱ። ትምህርት ቤቱን ዘጉበት፣ እሱንም ከአገር አስወጡት። ተማሪዎቹ ግን ተሰባስበው የመጀመሪያውን የአርመን ፓርቲ አቋቋሙ።»

ከዚያ በፊትም በሱልጣኑ ዋና ከተማ የነበሩ አርመኖች ለራሳቸው ማኅበረሰብ ሕገ መንግሥት ጽፈው እንዳስፈቀዱ ነግረውናል። ፓትርያርኩና ሀብታሞቹ ብቻ ሲወስኑት የኖሩትን፣ ሕዝቡ የመረጠው ጉባኤ እንዲወስነው የሚል ሕግ ነው። «እንደ እድር በሉት» ይሉ ነበር፣ «ዳኛውን አባላቱ ይመርጣሉ፤ ዳኛውም ለአባላቱ መልስ ይሰጣል።»

አንድ ቀን ከፈረስ ቤት ከተማ በኩል ለገበያ የወረደ ገበሬ ጆንያው ላይ ተቀምጦ ሲሰማ ቆየና ትዕግሥቱ አለቀ።

«ለመሆኑ ሽፍታ የላቸውም እነዚህ ሰዎች?»

«አላቸው እንጂ። ሌሎቹ ፓርቲዎች ጠመንጃ ያዙ፣ ቦምብም ጣሉ።»

«ታዲያ የነሱን አይነግሩንም! አንቱ የሚያነሷቸው ጀግኖች ሁሉ ማመልከቻ ጻፊዎች ናቸው!»

ወፍጮ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ጋሽ ያዕቆብም ሳቁ፤ ዱቄቱ ከቅንድባቸው ረገፈ። «ጠመንጃ ለያዘውማ ሁሉም ይዘፍናል። ማመልከቻ ለጻፈ ማን ዘፈነ?» አሉ።

ታሪኩ እስከ መጨረሻው የሚያስቅ አልነበረም። ሱልጣኑ ሽሮት የነበረውን የአገሩን ሕገ መንግሥት ሲመልስ ቱርኩና አርመኑ በአደባባይ እንደተቃቀፉ፣ ያን ጊዜ በእስክንድርያ የሚኖሩ ነጋዴዎች፣ ጠበቆችና ጸሐፊዎች ሊበራል ፓርቲ እንዳቆሙ፣ አያታቸውም ከነሱ አንዱ እንደነበሩ ሲነግሩን መዶሻቸው ይፈጥናል። ወዲያው የመጣውን ሲናገሩ ግን መዶሻው ይቆማል። «ሕጉ አለ ብለው ቤታቸው ተቀመጡ። ከተቀመጡበት የቱርክ ወታደሮች ወሰዷቸው። ከተማው፣ ገጠሩ፣ ሴቱ፣ ሕፃኑ አለቀ።» ከዚህ አያልፉም። ያ ገበሬ አሁን አልሳቀም። «ታዲያ ሕጉ ምን ጠቀማቸው፣ ጋሼ?» ብሎ በቀስታ ጠየቃቸው።

«እኔም ይህንኑ ስጠይቅ ነው የኖርሁት» አሉት። መዶሻቸውን አንሥተው ወደ ድንጋዩ ተመለሱ።

ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ወሬያቸው አጠረ። በየስብሰባው «ኒዮሊበራል» የሚለው ቃል እንደ ስድብ ይወረወር ጀመር። ጋሽ ያዕቆብ ሊበራል ማለት ተዉና «እነዚያ ሰዎች» ማለት ጀመሩ። አንድ ቀን የቀበሌያችን ሊቀመንበር እህል ሳይዝ መጣና ጆንያ ላይ ተቀመጠ።

«እስቲ የአርመኖችዎን ታሪክ ለእኔም ያጫውቱኝ» አለ።

«ድንጋዩ ዛሬ ደህና ነው» አሉና ሞተሩን አስነሡት። የሚፈጭ እህል ግን አልነበረም። ሊቀመንበሩ እስኪሄድ ድረስ ድንጋዩ ባዶውን ሲዞር ቆየ።

ጎረቤቴ አያሌው ልብስ ሰፊ ነው። በምርጫው የተቃዋሚዎች ታዛቢ ሆኖ ጣቢያ ላይ ተቀምጦ ነበር። ወስደው አሰሩት፤ ሲፈታ ከስቶ መጣ። እሱ ዘንድ ልብስ ያሰፉ የነበሩ ሰዎች በሌላ መንገድ ማለፍ ጀመሩ። እናቱ እትዬ የውብዳር በዚያው ሰሞን አልጋ ያዙ። ልጠይቃቸው ስገባ እጄን ይዘው፣ «እኔስ እሞታለሁ፤ ለሞቱ አልፈራሁም። ልጄን ብቻውን ያስለቅሱት ይሆን?» አሉኝ። ሰፈሩ ሁሉ ተመሳሳይ ነገር እያሰበ እንደነበር አውቃለሁ።

እኛ ሰፈር ሞት የሚታወቀው በጡሩምባ ነው። የእድሩ ጡሩምባ ነፊ በማለዳ እየዞረ የሞተውን ሰው ስም ይለፍፋል። ከተነፋ በኋላ መቅረት ነውር ነው። ካልተነፋ ግን «አልሰማሁም» ማለት ይቻላል፤ አልሰማሁም ያለን ሰው የሚወቅስ የለም። የእድሩ ዳኛ አያ ምንይችል ሱቅ ያላቸው፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ልጃቸው ትምህርቱን ጨርሶ የመንግሥት ሥራ ይጠብቅ ነበር። ቀበሌው ጠርቷቸው እንደነበር ሰምተናል። ምን እንደተባሉ ለማንም አልተናገሩም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን አያሌውን ቀና ብለው አላዩትም።

እትዬ የውብዳር ሊነጋጋ ሲል አረፉ። አያሌው ወደ አያ ምንይችል ሮጠ። ሲመለስ በራፉ ላይ አገኘሁት።

«ጡሩምባ ነፊው ደምበጫ ሄዷል አሉኝ» አለ።

«ድንኳኑስ?»

«የመጋዘኑን ቁልፍ እሱ ይዞት ነው የሄደው አሉ።»

ቁልፉ ከአያ ምንይችል አንገት ወርዶ እንደማያውቅ እሱም እኔም እናውቃለን። ቤት ውስጥ እህቱ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ታለቅሳለች። ጡሩምባ ሳይነፋ መጮኽ አፈረች።

ወደ ጋሽ ያዕቆብ ሄድሁ። ሞተሩን ሊያስነሡ ናፍጣ እየሞሉ ነበር። ስነግራቸው ናፍጣው ፈሰሰ። ጆንያ ላይ ተቀመጡ።

«አባቴ ደወሉን ሰምቶ ነበር» አሉ።

አልገባኝም። ሳልጠይቃቸው ቀጠሉ። አባታቸው አዲስ አበባ ሳሉ፣ ቆዳ መልፋት ያስተማራቸው አንድ የልብ ጓደኛ ነበራቸው። አባታቸው የሊበራሎቹ ወገን፣ ጓደኛቸው የሌላው ፓርቲ ሰው ነበሩ። አርመንያ በሶቪየት እጅ ስትገባ ሊበራሎቹ «በማንም እጅ ትሁን፣ አገራችን ናት» አሉ፤ እነዚያኞቹ «ነፃ ያልወጣች አገር አገራችን አይደለችም» አሉ። በየሰው አገር የተበተኑት አርመኖች በዚህ ተከፋፈሉ። ጓደኛሞቹም መጀመሪያ ተከራከሩ፣ ከዚያ ተኳረፉ፣ በመጨረሻ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ አንድ ወገን መቆም ተዉ። ጓደኛቸው ሞቱ። የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ተደወለ።

«አባቴ ኮቱን ቆልፎ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ቀብሩ እስኪያልፍ አልተነሣም። ለእናቴም፣ ለሰዉም ‹አልሰማሁም› አለ። እስኪሞት እንዲህ እንዳለ ኖረ። አስበው፣ ዕድሜውን በሙሉ ስለ ነፃነት ሲናገር የኖረ ሰው፣ ‹አልሄድም› ለማለት እንኳ ነፃነት አልነበረውም።»

ተነሡ። የዱቄት ካፖርታቸውን አውልቀው ኮት ለበሱ። ከበሩ ጀርባ ያችን ቦርሳ አውርደው ትከሻቸው ላይ አንጠለጠሉ።

«እሷን ምን ያደርጓታል?» አልሁ።

«መንገድ ላይ ቢወስዱኝ ለሳሙና ብዬ አልመለስም» አሉ። እየቀለዱ አልነበረም።

በየቤቱ ዞርን። እኔ አብሬያቸው የሄድሁት እግራቸው እንዳይከዳቸው ብዬ ነው። ጠጅ የምትጥለው ሴት በሯን ገርበብ አድርጋ ወጣች።

«የአያሌው እናት አርፈዋል» አሏት።

«ጡሩምባ አልሰማሁም እኮ፣ ጋሼ።»

«አሁን እኔ እየነገርሁሽ ነው።»

«ኑ እያሉ ነው?»

«ኑ አላልሁም። መምጣቱም መቅረቱም ያንቺ ነው። ሰምቻለሁ በይኝ፣ ይበቃኛል።»

መንገዱን ግራና ቀኝ አየች። «እሺ... ሰምቻለሁ።»

እንዲህ እያልን ቀጠልን። አንዱ ከአልጋው ሳይነሣ በልጁ በኩል «ሰምቷል በላቸው» አለ። ጋሽ ያዕቆብ «በራሱ አፍ» ብለው ደጅ ቆሙ፤ ሰውዬው እየተነጫነጨ ወጥቶ «ኧረ ሰምቻለሁ፣ ምን ሆነዋል ዛሬ!» አለ። ጡረታ የወጡት አስተማሪ ቤት ስንደርስ አስተማሪው ቀጥ ብለው ቆመው፣ «ሰምቻለሁ። አልሄድም። እፈራለሁ» አሉ። እኔ ደሜ ፈላ። ጋሽ ያዕቆብ ግን ባርኔጣቸውን አውልቀው እጅ ነሡ።

«እንዴት ለእሳቸው ይሰግዳሉ?» አልኋቸው ርቀን ስንሄድ።

«እሳቸው አልሄድም አሉ። መብታቸው ነው። አባቴ ያቃተው ይኸ ነው።»

የቀበሌው ሊቀመንበር ቤት ጋ ስንደርስ እንለፈው ብዬ ኮታቸውን ያዝሁ። «የእድሩ አባል አይደለም እንዴ?» አሉኝ። ቦርሳዋን ትከሻቸው ላይ አስተካክለው በሩን አንኳኩ። የወጣችው ሚስቱ ናት።

«እሳቸው የሉም» አለች።

«አንቺ አለሽ። የአያሌው እናት አርፈዋል።»

ወደ ኋላዋ ዞር ብላ አየች። ከዚያ በሹክሹክታ «ሰምቻለሁ» አለች።

መጨረሻ የሄድነው ወደ አያ ምንይችል ነው። አጥሩን አልከፈቱም። «ልጄን ሊያስጨርሱት ነው የመጡት!» ብለው ከውስጥ ጮኹ።

«እኔ የመጣሁት ሰምተዋል ወይ ልል ነው» አሉ ጋሽ ያዕቆብ።

መልስ የለም። ቆየን። ከአጥሩ ወዲያ ሲተነፍሱ ይሰማናል። ስንመለስ ጋሽ ያዕቆብ «እኚህ ሰው ብቻ ሰምቻለሁ አላሉኝም» አሉ።

ሬሳው ሲወጣ ሰው መምጣት ጀመረ። መጀመሪያ ጠጅ የምትጥለው ሴት፣ ቀጥሎ ያ ተነጫናጭ፣ ቀጥሎ ሁለትም ሦስትም ሆነው። የሊቀመንበሩ ሚስት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ብቻዋን መጣች፤ ሴቶቹ ቦታ ሰጧት፤ አጠገቧ ለመቀመጥ ግን አመነቱ። አያሌው የመጣውን ሰው ሁሉ እንደማያውቀው ሰው ፊት ፊቱን ያይ ነበር። እትዬ የውብዳር በሰው ትከሻ ሄደው ተቀበሩ።

ከቀብር ስንመለስ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀመጥን። ድንኳን የለም፣ አግዳሚ የለም። ጥቂት እንደቆየን አንድ የፈረስ ጋሪ በራፉ ላይ ቆመ። የእድሩን ድንኳን፣ ምሰሶና ካስማ ጭኗል። ወንዶቹ ብድግ አሉና ማውረድ ጀመሩ።

«ቆዩ» አሉ ጋሽ ያዕቆብ። «ማን ላከው?»

ባለጋሪው አንገቱን ደፋ። «ዝም ብለህ አድርስ ተብዬ ነው።»

«ማን አለህ?»

«ጋሼ፣ ዝም ብለህ ማለት እኮ ዝም ብለህ ማለት ነው!»

አንዳንዱ ፈገግ አለ። አንድ ሽማግሌ ግን ተቆጡ። «አንቱ ደግሞ አበዙት! ድንኳኑ ከማን ቤት እንደሚወጣ ሕፃንም ያውቃል። ሴቶቹ በፀሐይ ሊነዱ ነው፣ እንትከለው።»

«ነገ ቀበሌ ሲጠይቅ ድንኳኑ በእግሩ መጣ ልንል ነው?» አሉ ጋሽ ያዕቆብ። «የላከ የለም ከተባለ ሰርቆ የተከለው አያሌው ነው። አንድ ጊዜ ታስሯል፤ ለሁለተኛው ምክንያት በገዛ እጃችን እንስጣቸው?»

ይህን ያሰበ አልነበረም። ምሰሶ ይዞ የነበረው ሰው ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስተኛው። አያሌው «ይመለስ» አለ። የሚመልሰው ግን አልተገኘም፤ ባለጋሪውም የሆነውን ሊናገር ነው መሰል ጋሪውን አዙሮ ወደ መጣበት ጋለበ። ድንኳኑ ግማሹ ተዘርግቶ፣ ግማሹ ተጠቅልሎ መሐላችን ተጋደመ። መኪና በመንገዱ ሲያልፍ ሁላችንም አንድ ላይ ወደ በሩ ዞርን። ጋሽ ያዕቆብ ቦርሳዋን ጭናቸው ላይ አድርገው ማሰሪያዋን ይፈቱና ያስሩ ነበር። ምናልባት አበዛሁት ብለው እያሰቡ ይሆናል፤ እኔ እንደዚያ እያሰብሁ ነበር።

አያ ምንይችል ሲገቡ መጀመሪያ ያየቻቸው የሊቀመንበሩ ሚስት ናት። ፊታቸው አመድ መስሏል። ድንኳኑ አጠገብ መጥተው ቆሙ። እሷን አዩ፤ እሷም አየቻቸው፤ ዓይኗን አልሰበረችም።

«እኔ ነኝ የላክሁት» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ።

ከኋላ የተቀመጡት ሽማግሌ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ «ምን አሉ?» ብለው ጠየቁ። ጋሽ ያዕቆብ ወደ አያ ምንይችል አዩ። አያ ምንይችል ቀና አሉ።

«የእድሩ ዳኛ እኔ ነኝ። ድንኳኑን የላክሁት እኔ ነኝ፣ አልሁ!» ብለው ጮኹ። «ሰማችሁ?»

«ሰምተናል» አልን።

አያ ምንይችል ኮታቸውን አውልቀው አጥሩ ላይ ጣሉና ጎንበስ ብለው የድንኳኑን ጫፍ ያዙ። «እንግዲህ ካስማ የሚመታ ይምጣ» አሉ።